የቅሬው መዝገብ ላይ "ሁለቱም ጥፋተኛ ናቸው" ብዬ ልጻፍ?

ጸሐፊው (ተሁለደሬ)፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

የምኖረው ተሁለደሬ ውስጥ፣ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው። መምህር ነኝ። የቅሬያችን ጸሐፊ የነበሩት አባት ዓምና ሲያርፉ ሰፈሩ "የአንተ የእጅ ጽሑፍ ያምራል" ብሎ መዝገቡን ለእኔ አሸከመኝ። የወሎ ሰው ያልሆናችሁ ቅሬን ዕድር በሉት። ግን ከከተማው ዕድር ሰፋ ይላል፤ ሥራው ቀብር ብቻ አይደለም። ከብት ማሳ ቢገባ፣ ድንበር ቢገፋ፣ ጎረምሳ ቢደባደብ፣ ሁሉም እዚያው ዛፍ ሥር ይመጣል። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው የሚቀመጠው። በዚህ እንኮራለን፤ መኩራታችንም ልክ ነው።

መዝገቡን ስረከብ የድሮ ገጾቹን ማገላበጥ ጀመርኩ። አንዱ ገጽ ላይ የማውቃቸው ባልና ሚስት ስም አለ። ጥቂት ገጾች አለፍ ስል እንደገና አለ። ከዚያም እንደገና። መደምደሚያው ሁልጊዜ ያው ነው፦ "ተመክረው ታርቀዋል፤ ሁለተኛ እንዳይደገም።" አንዴ ክንዷ ተሰብሮ ወጌሻ ቤት መሄዷን እኔም አስታውሳለሁ። ገጹን ፈልጌ አገኘሁት። እዚያም ላይ ተመክረው ታርቀዋል ነው የሚለው። ስለ ክንዷ የተጻፈ ነገር የለም።

ከዚያ መተዳደሪያ ደንባችንን አወጣሁ። ቀብር የቀረ ይቀጣል። መቃብር ቁፋሮ ላይ ያልተገኘ ይቀጣል። የቅሬውን ሰሃን የሰበረ ይተካል። ከብቱ የሰው እህል የበላበት ግምቱን ይከፍላል። ቅጣት አልከፍልም ብሎ ያመፀ ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው እኛ ጋ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ቢሞትበት የሚቀብርለት፣ ቢድር የሚያጅብለት የለም። እሳት እንኳ አይጫርለትም። ሚስቱን የመታስ? ደንቡ ስለ እሱ ምንም አይልም።

ሰሞኑን እነዚሁ ሰዎች መጡ። ማለቴ እሱ መጣ። እሷ "ፊቷ ስላበጠ ቤት ናት" ተባለ። በእሷ ፋንታ ወንድሟ ቁጭ ብሏል። የጠቡ መነሻ ገበያ ሄዳ አምሽታ ገባች ነው። አባቶች መከሩት። እሱም አንገቱን ደፍቶ "አጥፍቻለሁ" አለ። ይሄኔ አንደኛው አባት "እሷም ምላሷን ትሰብስብ" አሉና ወደ እኔ ዞረው "ሁለቱም ጥፋተኛ ናቸው ብለህ ጻፍ" አሉኝ። እኔ "ማታ በእርጋታ እገለብጠዋለሁ" ብዬ መዝገቡን ይዤ ሄድኩ። እስካሁን አልጻፍኩም።

ምን ልጻፍ? አንዱ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሌላው ደግሞ፣ እነዚህ አባቶች ክፉ ሰዎች አይደሉም። በ2013 ክረምት ከቆቦና ከወልዲያ በኩል የተፈናቀለው ሕዝብ ሲመጣ በራቸውን ከፍተው ያላቸውን ያካፈሉ ናቸው። የሰው ዶሮ የሰረቀን አይምሩም። ታዲያ እዚህ ጉዳይ ላይ ሲደርሱ ምን ይነካቸዋል?

ቶሳ (ደሴ)፦

ወንድሜ፣ አንተ ጸሐፊ ነህ እንጂ ዳኛ አይደለህም። የተባልከውን ጻፍ። ነገ ባልና ሚስቱ አብረው ቡና ሲጠጡ ታገኛቸዋለህ፤ አንተ ከሰፈሩ ተቀያይመህ ትቀራለህ። ደግሞ ዋናው ችግር ጫትና አረቄ ነው። እነሱን አስቁሙ፣ ዱላውም ይቆማል።

የቃሉ ልጅ (ኮምቦልቻ)፦

ቶሳ፣ ጫት ስትል ነው ዝም ማለት ያቃተኝ። የእኔ የቀድሞ ባል ጫት አይቅምም ነበር። አረቄ በአፉ አይዞርም። ሰጋጅ ነው፣ አምስት ወቅት አያልፈውም። የሚጠጡትንም ቢሆን አይተናቸዋል። ሰክሮ ሲመጣ መንገድ ላይ ሚሊሻ ቢያገኝ ሰላምታው እንዴት እንደሚያምር! እጁ የሚፈታው ቤቱ ሲገባ ነው።

ጸሐፊው ወንድሜ፣ አንተ አንድ ነገር ነካ አድርገህ አለፍክ። "በእሷ ፋንታ ወንድሟ ቁጭ ብሏል" ብለሃል። እስቲ እዚያ ላይ ቁም። ይቺ ሴት ከአባቷ የደረሳት መሬት አለ? ካለስ ማነው የሚያርሰው?

የእኔን ልንገርህ። የተዳርኩት እዚሁ ቃሉ ወረዳ፣ ከሐርቡ ወጣ ብሎ ነው። ስዳር ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ሲመታኝ እናቴ ቤት እሸሻለሁ። እናቴ ውሃ አሙቃ ገላዬን ታሸኛለች፣ ቡና ታፈላለች፣ ዱአ ታደርጋለች። ከዚያ ሽማግሌ ይመጣል። ሽማግሌ ፊት ለእኔ የሚናገርልኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድሜ ይወደኛል። እኔም እወደዋለሁ። ግን ከአባታችን የደረሰኝን ማሳ የሚያርሰው እሱ ነው። እኔ ፈትቼ ከተመለስኩ ድርሻዬን እጠይቃለሁ። ስለዚህ እዚያ ሽምግልና ላይ ሲቀመጥ እኔ ወደ ባሌ እንድመለስ ነው የሚፈልገው። ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ ልጆቹን የሚያበላው ከዚያ ማሳ ነው። ባሌ ይሄን ያውቃል። ሽማግሌዎቹም ያውቃሉ። አንስቶ የሚናገር ግን የለም።

ድርሻሽ ቢሰጥሽስ? ሴት በሬ አትጠምድም። አታረሺም ብሎ የሚከለክል ሕግ የለም፤ ሞፈር ብትይዢ ግን አገር ይስቅብሻል። እና ለእኩል አራሽ ትሰጫለሽ። ግማሹ ምርት በዚያ ይሄዳል። የቀረው አንቺንና ልጆችሽን እስከ ክረምት አያደርስም።

ሰው ሁሉ "ነውሩን ፈርታ ነው ትዳሯ ውስጥ የምትቆየው" ይላል። ሬዲዮ ላይም የሚባለው ይሄ ነው። ወሎ ውስጥ ፍቺ መቼ ነው ያን ያህል ነውር የሆነው? አያቴ ሦስት ባል አግብታለች፤ ስትሞት አገር ነው የቀበራት። በእኛ መንደር የፈታች ሴት ማንም ጣቱን አይቀስርባትም። ጭንቁ ሌላ ነው። ፈትተሽ ከወጣሽ በኋላ ማታ የት ታድሪያለሽ? ልጆቹ የማን እንጀራ ይበላሉ? እናትሽ ቤት የወንድምሽ ሚስት ገብታለች። የመጀመሪያው ሳምንት እንግዳ ነሽ። በወሩ ውሃ ቀጂ ነሽ።

እኔ ስፈታ የመሬት ደብተሩ ላይ ስሜም ፎቶዬም ነበር። ሕጉ ጥሩ ነው፣ ባልና ሚስትን እኩል ይጽፋል። ደብተሩ ግን ሳጥን ውስጥ ነው፣ የሳጥኑ ቁልፍ እሱ ኪስ ውስጥ ነው። ወደሚመለከተው ቢሮ ብሄድ "ተስማሙና አብራችሁ ኑ" አሉኝ። ከሚመታኝ ሰው ጋር ተስማምቼ! ትቼው በባቲ በኩል ወጣሁ። አፋርን አቋርጠን፣ ከኦቦክ በጀልባ ተሻግረን፣ በየመን አድርገን ሳዑዲ። በ2006 ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ስታባርር እኔም ከነሱ ጋር ተመለስኩ።

የወሎ ልጅ ለምን ዓረብ አገር ትጎርፋለች ተብሎ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ደላላ ይባላል፣ ድርቅ ይባላል፣ ድህነት ይባላል። ሁሉም እውነት ነው። ከባሏ ዱላ ሸሽታ የሄደችው ስንት ናት ብሎ ሲጠይቅ የሰማሁት ሰው ግን የለም። ሪያድ አንድ ክፍል ውስጥ ተደራርበን ስንተኛ ማታ ማታ ወሬያችን እሱ ነበር።

እና ምን ልጻፍ ላልከው፣ መጀመሪያ ብቻዋን ስሟት። ወንድሟ በሌለበት። ደሞ ቅሬያችሁ ውስጥ አንዲት ሴት ዳኛ አለች? ለለቀስተኛው እንጀራ የሚጋግሩት፣ ንፍሮ የሚቀቅሉት እኮ እነሱ ናቸው።

ጠበቃው (ወልዲያ)፦

የሕጉን በኩል ልጨምር። መጀመሪያ አባቶችን ምን ይነካቸዋል ላልከው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 635 ባልን የቤተሰብ ራስ ያደርገዋል፤ ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያዛል። ፍቺን የሚወስኑትም የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። ይሄ በፌዴራል ደረጃ የተቀየረው በ1992 በአዋጅ ቁጥር 213 ነው። አማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79 ያወጣው በ1995 ነው። ዛሬ ዛፍ ሥር የሚቀመጡት አባቶች ያገቡት፣ ልጆች የወለዱት፣ ሽምግልና የለመዱት በድሮው ሕግ ነው። በዚያ ሕግ "ምላሷን ትሰብስብ" ማለት ከሕጉ ጋር የሚጣላ አልነበረም። አዋጅ ሲሻር ዛፍ ሥር ያለው ሥርዓት አብሮት አይሻርም።

አሁን ያለው የወንጀል ሕግ የ1996ቱ ነው። አንቀጽ 564 በትዳር ወይም አብሮ በመኖር ውስጥ ያለን ሰው መደብደብ ወደ አካል ጉዳት አንቀጾቹ፣ ከ555 ጀምሮ ወዳሉት ይመራዋል። ከባድ ጉዳት በ555 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። የክንድ ስብራቱን ዓቃቤ ሕግ በዚህ ሊያየው ይችል ነበር። እንደዚህ ያለ ከባድ ጉዳይ ደግሞ ሽማግሌ ስላስታረቀ አይዘጋም።

ቀለል ያለ ጉዳት ሲሆን ነገሩ ይለያል። በ556 መነሻ ላይ እንዳለው የአካል ጉዳቱ ቀላል ከሆነ ክስ የሚጀመረው እሷ ራሷ አቤት ስትል ነው። አቤት የማለቻ ጊዜው ደግሞ በአንቀጽ 213 መሠረት 3 ወር ነው። ከ3 ወር በኋላ በሩ ይዘጋል። ብዙ ሴቶች በዚህ ነው የሚያመልጣቸው። ሽምግልናው ለመጪው ሰንበት ይቀጠራል። ሰንበት ሲደርስ ቀብር ይገባል። ከዚያ ፆም ነው፣ ከዚያ አጨዳ ነው። "ታገሺ፣ ሽማግሌ ይዞታል" ትባላለች። ሽማግሌ ይዞት ሳለ 3 ወሩ ያልቃል። ሽማግሌዎቹ ይሄን አስበው አይደለም፤ ስለ 3 ወሩ የነገራቸው የለም። ስለዚህ ጸሐፊው፣ መዝገብህ ላይ ቀን መጻፍህ ቀላል ነገር አይደለም። የተመታችበትን ቀን ጻፍ፤ የተሰበሰባችሁበትን ቀን ብቻ አይደለም።

ሕጉም የራሱ ቀዳዳ አለው። ስለ አስገድዶ መድፈር የሚናገረው አንቀጽ 620 ድርጊቱን ከጋብቻ ውጭ የሚፈጸም አድርጎ ነው የሚተረጉመው። ባል ሚስቱን አስገድዶ ቢደርስባት በዚያ አንቀጽ አይከሰስም። ሌላም ላክል፤ ብዙዎቻችሁ ኒካህ ያሰራችሁ ናችሁና። የሸሪዓ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ጉዳይ የሚያየው ሁለቱም ወገን ሲፈቅዱ ነው። ይሄ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ያለ ነው። አንዷ "አልፈልግም" ካለች ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት መሄድ መብቷ ነው። "የእኛ ነገር በቃዲ ነው የሚያልቀው" የሚባለው ግማሽ እውነት ነው።

አዋላጇ (ቆቦ)፦

ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። እንጨት ስትለቅም ወደቀች ተብላ ትመጣለች፤ የእጅ ጣት አሻራ አንገቷ ላይ አለ። ብዙ ጊዜ ይዟት የሚመጣው የመታት ሰው ራሱ ነው። ካርድ ያወጣል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ አጠገቧ ቆሞ የምጠይቃትን ሁሉ እሱ ይመልሳል። እንዲያውም ደግ ባል ይመስላል። እኔ ታዲያ "ሽንት ትስጥ" ብዬ ይዣት እወጣለሁ። እውነቱን የምትነግረኝ እዚያ ሽንት ቤቱ በር ላይ ነው።

የነገረችኝን በራሷ አነጋገር ካርዷ ላይ እጽፋለሁ። ቁስሉ የት እንዳለ፣ መጠኑን፣ መልኩን። በኋላ ፖሊስ በደብዳቤ ማስረጃ ሲጠይቅ የሚወጣው ከዚያ ካርድ ነው። ካርዱ ላይ "ወደቀች" ከተጻፈ ግን ማንም አያድናትም። ሴቶች የምታነቡ ካላችሁ ደግሞ፣ ተገድዳ የተደፈረች ሴት በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ብትደርስ ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒት አለ፣ እርግዝና መከላከያም አለ። ከተቻለ ሳትታጠብ፣ የለበሰችውን ልብስ ይዛ ትምጣ። ታጥባም ቢሆን ግን ትምጣ።

በ2016 እ.ኤ.አ. የተሠራው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ላይ አንድ ነገር አለ፤ ሰዎች ሲሰሙት ይገርማቸዋል። ሴቶችና ወንዶች ተጠየቁ፦ ምግብ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቹን ችላ ብትል፣ አልተኛም ብትለው፣ ባል መምታቱ ልክ ነው? ቢያንስ ባንዱ ምክንያት ልክ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ናቸው። ወንዶቹ 28 በመቶ። "አያችሁ፣ ሴቶቹ ራሳቸው ይወዱታል" የሚል አይጠፋም። እኔ እንደዚያ አላየውም። ወንዱ ጠያቂ ፊት ምን ቢል እንደሚያምርለት ያውቃል። እሷ ደግሞ የምትመልሰው የምትኖርበትን ነው። ልክ አይደለም ካለች ነገ ጠዋት ስትነሳ ምን ልታደርግ ነው? በዚያው ጥናት ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ከሦስት እጅ ሁለቱ ለማንም አልተናገሩም፣ እርዳታም አልፈለጉም። በነገራችን ላይ በ2000 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ጥያቄ ሲጠየቅ ልክ ነው ያሉት ሴቶች 85 በመቶ ነበሩ። እና እየወረደ ነው።

ስለ ጦርነቱ ጊዜ ትንሽ ልበል፤ ይከብደኛል። የትግራይ ኃይሎች ከተማችንን በያዙበት ጊዜ የተፈጸመውን ግድያና መድፈር አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ገልጾታል፤ ቆቦና ጭና ስማቸው አለበት። ያኔ ሰው አልቅሶላቸዋል። "ጠላት ነው፣ አንቺ ምን አደረግሽ" ብሏል፤ ትክክልም ነው። ያቺው ሴት ባሏ ጥርሷን ሲያወልቀው ግን "ምን ብለሽው ነው?" ትባላለች። ጎረቤቱ ያው ነው፣ ሰፈሩም ያው ነው። መቺው የራስ ሰው ሲሆን ለምን ጥያቄው ወደ እሷ እንደሚዞር እስከ ዛሬ አይገባኝም። አንዳንዶቹ ባሎች ከጦርነቱ ሌላ ሰው ሆነው መመለሳቸውን አያለሁ፤ እንቅልፍ የላቸውም፣ ይደነግጣሉ። ለእነሱም ሕክምና ያስፈልጋል። ሕክምናው ግን እሷን መምታት አይደለም።

የሼኹ ልጅ (ወረባቦ)፦

አባቴ ስልክ አይነካም። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። ዕድሜውን በሙሉ አስታራቂ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። የመለሰልኝን እንዳለ እጽፋለሁ፦

"ለዚያ መምህር ንገረው፤ አብሽር በለው። እኛ ሽማግሌዎች የምንፈራው ደም ነው። ባል ሲመታት ወንድሞቿ ይቆጣሉ። ወንድሞቿ እሱን ከመቱት የእሱ ዘመድ መሣሪያ ያነሳል። አንድ ሰው ከሞተ ሁለት ቀበሌ ይጠፋል። ስለዚህ እርቁን የምንሠራው በሁለቱ ቤት መሀል ነው። ወንዶቹ ከተጨባበጡ ነገሩ አለቀ እንላለን። ደም እንዳይፈስ አድርገናል፣ አልሐምዱሊላህ። እሷ ቤት ገብታ ምን ትሆናለች የሚለው በእኛ ሒሳብ ውስጥ አልነበረም። እሷ እኮ በወንድ ላይ መሣሪያ አታነሳም። የማትፈራውን ሰው ማን ይክሰዋል?"

የእኛ ቅሬ ደንቡን የቀየረው ግን አባቴ መክሮ አይደለም። አንዲት አዛውንት ናቸው ያስቀየሩት፤ እድሜ ይስጣቸው፣ አሁንም አሉ። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሰው ሚስቱን ቀጥቅጦ በሳምንቱ እናቱ ሞቱበት። እሳቸው ሴቶቹን ሰብስበው "ለዚህ ቤት ለቅሶ ምጣድ አይጣድም" አሉ። ሬሳው ይቀበራል፣ ሙት አይበደልም፤ ለለቀስተኛው ግን አንዲት እንጀራ አልተጋገረም። ከሩቅ የመጣ ዘመድ ጾሙን ተመለሰ። ያንን ውርደት ወንዶቹ አልቻሉትም። የቅሬው ዳኛ በሳምንቱ ሴቶቹን ጠርተው "ምን ይሁን ትላላችሁ?" አሉ።

አሁን እንዲህ ነው የሚሠራው። የሚመታ ሰው ሲከሰስ ሁለት አሮጊቶች ወደ እሷ ይሄዳሉ፤ ቃሏን ብቻዋን ይሰማሉ። ቅጣቱና የሕክምናው ወጪ በእሷ እጅ ይሰጣል። ድሮ ቅጣቱን በግ ገዝተው ሽማግሌዎቹ ነበር የሚበሉት፤ አባቴ ይሄን ሲያወራ ራሱ ይስቃል። ዳግመኛ ከመታ ዳኛው ራሳቸው ለፖሊስ ያመለክታሉ፣ ከቅሬውም ይታገዳል። ቁርአን ጠቅሶ የሚከራከር ሲመጣ አባቴ "ነቢዩ አንድም ቀን ሴት መትተው አያውቁም፣ ሐዲሱን ሂድና አንብብ" ይለዋል። የክርስቲያኖቹን ቄሱ ይዘውታል።

ቆመ ወይ? አልቆመም። ድምፅ እንዳይሰማ ሬዲዮ ከፍ አድርጎ የሚመታ አለ ይባላል። ግን ድሮ ክንድ እስኪሰበር የማይመጡት አሁን በጥፊው ይመጣሉ።

ቶሳ (ደሴ)፦

እሺ፣ አልከራከርም። ግን አንዳችሁም ያልመለሳችሁት አለ። ሰውዬው ታሰረ እንበል። መሬቱን ማን ያርስላታል? ልጆቹስ? ስድስት ወር ታስሮ ሲወጣ ወዴት ነው የሚመለሰው? ወደዚያው ቤት። ተቆጥቶ።

የቃሉ ልጅ (ኮምቦልቻ)፦

ቶሳ፣ አሁን ሰው የሚጠይቀውን ጠየቅክ። ለዚህም ነው ቅሬው ያስፈለገው። ባል ሲሞት ሰፈሩ በደቦ ወጥቶ ያርስላት የለ? አጭዶ፣ ወቅቶ፣ እህሉን ጎተራዋ ያስገባላት የለ? ለሞተባት የወጣ በሬ ለታሰረባት ለምን አይወጣም? ወንድሟም ያን ጊዜ "ብትመለስ ማሳዬን ትወስዳለች" ብሎ አይፈራም፣ የባሏን ቤት ይዛ እዚያው ትኖራለች። ለምን ሁሌ እሷ ናት ጨርቄን ማቄን ሳትል የምትወጣው? ቤቱም መሬቱም እኮ የእሷም ነው። የሚወጣ ካለ እሱ ይውጣ።

ሲወጣ ተቆጥቶ ይመለሳል ያልከው እውነት ነው። እኔም የምፈራው እሱን ነው። ለዚህ ጥሩ መልስ የለኝም።

ጸሐፊው (ተሁለደሬ)፦

ሁላችሁንም አላህም እግዚአብሔርም ይስጥልኝ። ወንድሟን አግኝቼ ጠየቅሁት። ጥማዷን የሚያርሰው እሱ ነው፤ የቃሉ ልጅ እንዳለችው። አልደበቀኝም። "አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?" አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም።

ባለቤቴና አንዲት የጎረቤት አሮጊት እሷ ዘንድ ሄደው ቃሏን ሰሙ። ገበያ አምሽታ የገባችው የፍየል ዋጋ ጠብቃ ነው። የሸጠችው ፍየል የራሷ ነበር። የጠቡ ሥር ገንዘቡ ነው፤ ማምሸቷ አይደለም። ይሄ ደግሞ ዛፍ ሥር በፍጹም አልተነሳም።

መዝገቡ ላይ የጻፍኩት ይሄ ነው፦ "የተመቱበት ቀን፣ የታየው ጉዳት፣ ምስክሮች። የተበዳይዋ ቃል በሁለት ሴቶች ተሰምቷል። ተበዳይዋ በጉባኤው ስላልቀረቡ እርቁ አልተጠናቀቀም።" ለአባቶች ሳነብላቸው አንደኛው "ይሄ የፖሊስ ጣቢያ ወረቀት ነው" ብለው አልፈርምም አሉ። ዳኛው ትንሽ አሰቡና ፈረሙ። ሌሎቹ ዳኛውን አይተው ፈረሙ። ደንቡ ላይ ስለማስገባት ደግሞ ከመውሊድ በኋላ እንነጋገራለን ተባለ።

ጠበቃው፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ፖሊስ መዝገቡን ቢፈልገው መስጠት እችላለሁ? ወይስ የቅሬውን ምሥጢር አወጣ ይሉኛል?

ጠበቃው (ወልዲያ)፦

ፖሊስ በምርመራ ላይ በደብዳቤ ከጠየቀ፣ ወይም ፍርድ ቤት ካዘዘ መስጠት ትችላለህ፤ ኮፒውን ስጥ፣ ዋናውን አስቀር። አንተም ለምስክርነት ልትጠራ ትችላለህ። የድሮዎቹንም ገጾች ፎቶ አንስተህ ያዝ፤ በተደጋጋሚ መመታቷን የሚያሳዩ እነሱ ናቸው።

ግን አንተ በራስህ ተነሳስተህ መዝገቡን ይዘህ ጣቢያ እንዳትሄድ። መጀመሪያ እሷን ጠይቃት። ይሄ ቀላል ጉዳት ከሆነ አቤቱታው የእሷ ነው። ከባድም ቢሆን ነገሩ ሲፈነዳ ማታ እዚያ ቤት የምታድረው እሷ ናት። አቤት ማለት ከፈለገች የት እንደምታድር አስቀድማችሁ አመቻቹ። እስካሁን ካልወሰነች አትገፏት፤ 3 ወሩ መቼ እንደሚያልቅ ብቻ ንገራት። በዚያ መሀል ልቧ ከቆረጠ እኔ ወልዲያ ነኝ፤ ማመልከቻውን በነፃ እጽፍላታለሁ። ለደሴ የሚቀርብ ጠበቃም አፈላልግላታለሁ።